የአንዲት እንግሊዝኛ ቃል ትርጓሜና የእናታችን መሶብ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ቤት አያያዝ ነው። እኛ ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ግን ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃል ብንል ነገሩ ለመምህራንና ለተርጓሚዎች ብቻ የተተወ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ይህች ቃል ወደ ቤታችን ገብታ፥ እናታችንን ዝም አሰኝታ፥ እኛንም አሳፍራ፥ በመጨረሻ ያላስተዋልነውን በደላችንን ገልጣ ያሳየችን ስለ ሆነች፥ ታሪኳ የመዝገበ ቃላት ነገር ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ነገር ነው።

ቃሊቱ «ሮታንድ» ትባላለች። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ቅጽል ናት፤ ሥራዋም ክብነትን መግለጽ ነው። ወደ ቤታችን የገባችበት ምክንያት እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ የምትማረው የ14 ዓመት ልጃችን «ስለምታከብሩት አንድ ሰው ጻፉ» የሚል የእንግሊዝኛ ድርሰት ታዘዘች። ጓደኞችዋ ስለ ሯጮችና ስለ ዘፋኞች ሲጽፉ እርስዋ በጎንደር ስለሚኖሩት አያትዋ፥ ማለት ስለ እኛ እናት ጻፈች። በመጀመሪያው መስመር ላይ አያትዋ «ሮታንድ» መሆናቸውን፥ ሳቃቸውም እንደ አካላቸው ሙሉ መሆኑን፥ በጉልበታቸው ላይ ስትቀመጥም በትራስ ላይ የተቀመጠች ያህል ይመቻት እንደ ነበር ገለጸች። መምህርዋ ድርሰቱን ወደደው፤ ከቃሊቱም ሥር በቀይ ቀለም አሥምሮ አመሰገናት።

እኛም ደስ አለን። ብዙ ዘመን በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን የመንግሥት ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛም ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ የኖርን ሰው ነንና፥ ልጃችን ተራውን ቃል አልፋ እንዲህ ያለውን መምረጥዋ የእኛው ትምህርት ፍሬ መስሎ ታየን። «ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ ለአያትሽ ታነቢላቸዋለሽ» አልናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንሰውር አይገባንም። የጎንደርን ምድር ከረገጥን ሦስት ዓመት አልፎን ነበር። ገንዘብ በየወሩ እንልካለን፤ በየእሑዱም በስልክ «እንዴት ሰነበቱ?» እንላለን፤ እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ሥራ በዛ፥ ጊዜ ጠበበ፥ ለፋሲካ ይሁን፥ ለመስከረም ይሁን እያልን ቀኑን ስንገፋ ሦስቱ ዓመት እንደ ሦስት ወር ሄደ። ልጃችንም አያትዋን ስታስብ የምታየው በግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የቀድሞውን ፎቶግራፍ ነበር።

ጎንደር የደረስነው ከከተራ ሁለት ቀን አስቀድሞ በማታ ነው። እናታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው በደጅ ቆመው ተቀበሉን። ጨለማ ነበርና ጉንጫቸውን ሳምን እንጂ መልካቸውን አላስተዋልንም። በማግሥቱ ማታ ከደባርቅ ለበዓሉ የመጣችው እኅታችን ከነልጆችዋ፥ ጎረቤቶችም፥ በልጅነታችን ፊደል ያስቈጠሩን የኔታም በተሰበሰቡበት ልጃችን ቆማ ድርሰቷን አነበበች። ቋንቋውን የሚያውቅ ባይኖርም ሁሉ አጨበጨበላት። እናታችንም «ጎሽ፥ የኔ ልጅ! በሉ እንግዲህ የሚለውን በእኛው ቋንቋ ንገሩኝ» አሉ። ተርጓሚው እኛ ነንና ጕሮሮአችንን ጠርገን «አያቴ ወፍራም ሴት ናቸው» ብለን ጀመርን።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናታችን ነጠላቸውን ለማስተካከል እጃቸውን ቢያነሡ የብር አምባራቸው ከእጃቸው አንጓ ተነሥቶ እስከ ክርናቸው ተንሸራተተ። ያን አምባር ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሥጋቸውን አጥብቆ የያዘ፥ ለማውለቅም ሳሙና የሚያስፈልገው ነበር። ያን ጊዜ ቀና ብለን አየናቸው፤ ከመጣንም ወዲህ ያየናቸው ገና ያን ጊዜ ነው ብንል አናብልም። ጉንጫቸው ጐድጕዷል፤ ትከሻቸው ጠቧል፤ ጋቢው በአካላቸው ላይ ሳይሆን በአጥንታቸው ላይ ያረፈ ይመስላል።

እናታችን ግን ፈገግ ብለው «ያችን ሴት እኔም አውቃታለሁ፤ ደኅና ሴት ነበረች» አሉ።

ልጃችን ዓይንዋ እንባ ሞልቶ «አባባ፥ እኔ ወፍራም አላልሁም» አለችን። እኛም ከእናትም ከልጅም ፊት ከመጣብን ኀፍረት ለማምለጥ እንደ ልማዳችን ወደ መዝገበ ቃላት ሸሸን። በዚያች ሌሊት ስለ ቃሊቱ የተናገርነውን በጥቂቱ አስተካክለን እዚህ ብንጽፈው፥ የሸሸንበት ምክንያት የማያስመሰግን ቢሆንም፥ ነገሩ ራሱ ለአንባቢ ሳይጠቅም አይቀርም።

«ሮታንድ» ከጥንቶቹ ሮማውያን ቋንቋ፥ ከላቲን የመጣች ናት። በላቲን «ሮታ» ማለት መንኰራኵር ነው፤ ከርሱም «ሮቱንዱስ» የሚል ቃል ወጣ፤ ትርጓሜውም እንደ መንኰራኵር ያለ፥ ክብ ማለት ነው። ልጆች በመጀመሪያ ዓመት የሚማሯት «ራውንድ» የምትባለው ቃልም ከዚያው ሥር ተነሥታ በፈረንሳዮች አፍ በኩል ዞራ ወደ እንግሊዝ የገባች እኅትዋ ናት። እኅትማማቾቹ ግን ጠባያቸው ልዩ ነው። «ራውንድ» በጓዳም በገበያም ትውላለች፤ ለሳሕን፥ ለጨረቃ፥ ለኳስ፥ ለሁሉም ትነገራለች። «ሮታንድ» ግን የእልፍኝ ቃል ናት፤ በመጽሐፍና በጥንቃቄ በሚነገር ንግግር ካልሆነ በቀር ብዙ ጊዜ አትሰማም።

አገባብዋም ሦስት ነው። አንደኛው ስለ ቅርጽ ነው፤ ክብ ወይም ድቡልቡል የሆነውን ነገር ትገልጻለች። በሮም ከተማ በንጉሡ በሐድርያን ዘመን፥ በ126 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተፈጸመው ፓንቴዎን የተባለው ቤት ውስጡ ክብ ነው፤ የጕልላቱም ስፋት ከዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ክብ ሕንፃ ፈረንጆች ከዚያው ሥር ወስደው «ሮቱንዳ» ይሉታል። ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ አንባቢዎቻችንም የጌታችን መቃብር ያለበትን ክብ አዳራሽ ያስታውሳሉ፤ እርሱም በዚሁ ስም ይጠራል።

ሁለተኛው አገባብ ስለ ሰው አካል ነው፤ ዛሬ በብዛት የምትነገረውም በዚህ ነው። ወገቡና ሆዱ ሞልቶ አካሉ ወደ ክብነት ያደላውን ሰው «ሮታንድ» ይሉታል። ቃሊቱ እንደ ስድብ የከረረች አይደለችም፤ ነገር ግን በውስጧ ትንሽ ፈገግታ አለባት። ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ሲጽፉባት ታምራለች እንጂ ሰውየውን ፊት ለፊት ቢሉት ደስ ላይለው ይችላል። ሦስተኛው አገባብ ስለ ድምፅና ስለ አነጋገር ነው፤ ሙሉና የሚያስተጋባ ድምፅን፥ አንዳንድ ጊዜም ቃሉ ከቁም ነገሩ የበዛበትን ንግግር ትገልጻለች። ሆራስ የተባለው የሮማ ባለቅኔ ስለ ግሪኮች አነጋገር ሲናገር አፍን ከክብነት ጋራ አያይዞ ነበርና፥ እንግሊዞች ከርሱ አነጋገር ሌላ ቃል፥ «ኦሮታንድ» የሚል፥ ለድምፅና ለአነጋገር አውጥተዋል። በጽሕፈት ቤት የሠራን ሰዎች ይህ ሦስተኛው አገባብ ለማን እንደሚስማማ ሳናውቅ አንቀርም።

እንግዲህ ይህችን ቃል «ወፍራም» ብለን መመለሳችን ስሕተት ነበር። «ወፍራም» ለግንድም ለገመድም ለድምፅም የሚነገር ሻካራ ቃል ነው። በእኛም ቋንቋ ክብነት እንደ አካሉ ልዩ ልዩ ስም አለው። እንደ ምጣድና እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሆነው ክብ ነው፤ እንደ ኳስ የሆነው ድቡልቡል ነው፤ እንደ እንቁላል የረዘመው ሞላላ ነው፤ ምድርንና ከዋክብትን የሚናገሩ ሊቃውንት ደግሞ ሉል ይላሉ። ሕፃን ቢሆን ድንቡሽቡሽ እንለዋለን፤ በቃሉም ውስጥ ጉንጩን የመሳም ፍቅር አለበት። በሬ ቢሆን ድልብ እንለዋለን። በዕድሜ ለገፉ እናት ግን ምን ይባላል? «ሰውነታቸው የሞላ» ማለት ይቻል ነበር። ልጃችን በልብዋ የያዘችው ይህን ነው፤ እኛ ግን በችኰላ ሻካራውን አነሣን።

ይህን ሁሉ ስንናገር የኔታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው በትዕግሥት ሰሙን። በመጨረሻም «የፈረንጁ ክብ ከመንኰራኵር መጣ አልህ፤ የእኛውሳ ከምን መጣ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አጣን። የላቲኑን ሥር አውቀን የራሳችንን ሥር አለማወቃችን በዚያች ሌሊት ሁለተኛ ኀፍረት ሆነብን።

የኔታም «ከበበ ነው» አሉ። «በግዕዝም ከበበ፥ በአማርኛም ከበበ፤ ዙሪያውን ያዘ ማለት ነው። ክብ፥ ክበብ፥ ከበባ፥ አካባቢ፥ ሁሉም የርሱ ልጆች ናቸው። ክብር ግን ሌላ ነው፤ አባቱ ከበረ ነው። ድምፁ ቢቀርብ ዘር አታደባልቅ። ለቅኔ ሰም ቢያስፈልግህ ግን ማን ከልክሎህ!» ብለው ሳቁ። እናታችንም አብረው ሳቁ፤ ሳቃቸው የቀድሞው ነበር። እኛ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልያዘንም።

በማግሥቱ ከልጃችን ጋራ ከተማውን ልናይ ወጣን። ስለ ክብነት ስንነጋገር አድረን ነበርና ዓይናችን ክብ ነገርን ብቻ የሚፈልግ ሆነ። በዐፄ ፋሲል ግንብ ደጅ ቆምን። ዐፄ ፋሲል በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ነግሠው ጎንደርን በ1636 መናገሻ እንዳደረጉ ይተረካል። የግንቡ አራቱ ማዕዘናት በአራት ክብ ማማዎች የተያዙ ናቸው፤ በማማዎቹም ራስ ላይ እንቁላል የመሰለ ጕልላት አለ፤ ስለዚህ እንቁላል ግንብ የሚሉትም አሉ። ግቢውን የሚከበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በ1979 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ልጃችን ጕልላቱን አይታ «ይህ ሮታንድ ነውን?» አለችን። «እርሱስ ሞላላ ነው» አልናት፤ በዚህ እንኳ አልተሳሳትንም።

ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጣን። በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመን የተሠራው የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነበረ፤ ዛሬ የቆመው ግን አራት ማዕዘን ነው። ቅጥሩ 12 ክብ ማማዎች አሉት፤ የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል፤ 13ኛው በሩን የያዘው ደግሞ የጌታቸው ምሳሌ ነው ይባላል። ልጃችን ማማዎቹን እየቈጠረች ዙሪያውን ሄደች። እኛም ስንከተላት የክብ ቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዐት ነገርናት፤ በውጭ ቅኔ ማኅሌት፥ በመካከል ቅድስት፥ በውስጥ መቅደስ መሆኑን፤ መቅደሱም ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ሆኖ ሳለ ሁለቱ ክበቦች እንደሚከቡት። «እንግዲህ ቤቱ ክብ የሆነው ሕዝቡ እንዲከብ ነውን?» አለችን። የሊቃውንቱን ምክንያት ለሊቃውንቱ ትተን «ሳይሆን አይቀርም» አልናት።

የወገራና የስሜን ባላገር የሚኖርበት ክብ ጎጆም ምክንያት አለው። 20 ሜትር ርዝመት ባለው ግድግዳ አራት ማዕዘን ቤት ቢሠሩ ውስጡ 25 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ግድግዳ ክብ ቤት ቢሠሩ ግን ወደ 32 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ድንጋይና እንጨት በብዙ ድካም ለሚያመጣ ሰው ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። ለደጋው ነፋስም ክቡ ግድግዳ ማዕዘን አይሰጠውም። ዛሬ ቆርቆሮ ስለ በዛ ቤቱም አራት ማዕዘን እየሆነ ሄዷል፤ ቆርቆሮ ለክብ ጣራ አይመችምና።

ስንመለስ የኔታ የነገሩን ነገር በሐሳባችን ይመላለስ ነበር። ሮማውያን ክብነትን ያዩት በመንኰራኵር ነው፤ ሠረገላ የሚነዱ ሕዝብ ነበሩና። በእኛ ደጋ ግን መንገደኛው በበቅሎ፥ ጭነቱም በአህያ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በመንኰራኵር ሲያስጐትቱ መንገዱን ራሱን አስቀድሞ መጥረግ አስፈልጓቸዋል። ሸክላ ሠሪዎቻችንም እንኳ፥ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች የሚታወቁበትን ጥበብ ጨምሮ፥ እንስራውን የሚያከብቡት ያለ መንኰራኵር በእጃቸው ነበር፤ የጭቃ ቀለበት በቀለበት ላይ እየደረቡ፥ ራሳቸው እየዞሩ። ስለዚህ የእኛ ክብ ከመንኰራኵር አልመጣም፤ ከመክበብ መጣ። መንኰራኵር ብቻውን ክብ ነው፤ ይሽከረከራል፥ ይሄዳል፥ ይርቃል። መክበብ ግን ብቻውን አይሆንም፤ የሚከብና የሚከበብ ይፈልጋል። ይህን ስናስብ ሦስት ዓመት ሙሉ መንኰራኵር ሆነን መኖራችን ታወቀን።

ቀኑ የከተራ ቀን ነበርና የቤቱ ሰው ሁሉ ታቦታቱ ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ለማየት ወጥቷል። እኛ ልጃችን ጫማዋ ስለ ቈረጣት ጫማ ለመለወጥ ሳይጠበቅ ወደ ቤት ተመለስን። እናታችንን በማድ ቤት አገኘናቸው። ከምድጃው አጠገብ ቆመው በትንሽ የብረት ሳሕን ላይ ሩብ እንጀራ አድርገው ይቀምሱ ነበር። እኛን ባዩ ጊዜ ሳሕኑን እንደ ሰረቀ ልጅ ወደ ኋላቸው ሸሸጉ።

«ምነው ቆመው? ምነው ብቻዎን?» አልናቸው።

«ልማድ ነው፥ ልጄ» አሉ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምበላው። ተቀምጦ ለመብላት ሰው ያስፈልጋል።»

ልጃችን ቀና ብላ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መሶብ አየች። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ጨርቁም አቧራ ጠጥቶ ወደ አመድነት ተለውጧል። ያን መሶብ እናታችን በሙሽርነታቸው ዘመን በገዛ እጃቸው የሰፉት ነው። ስንደዶውን አብዝተው፥ አክርማውን ቀይና ጥቁር ነክረው፥ በወስፌ እየወጉ፥ ከመካከል እንደ ሽንብራ ከምታህል ቋጠሮ ጀምረው ዙር በዙር እየጨመሩ ሁለት ክረምት ፈጅተውበታል። በልጅነታችን ስምንት ሰው ይከበው ነበር።

«እምዬ፥ መሶቡን ለምን ሰቀሉት?» ብላ ልጃችን ጠየቀቻቸው።

«መሶብ ለአንድ ሰው አይቀርብም» አሉ እናታችን። «ብቻዬን ብቀርበው ያስፈራኛል። ወዲያ ማዶ ማንም የለም።»

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ በየወሩ የላክነው ገንዘብ ጤፉን ገዝቷል፤ ቅቤውንም በርበሬውንም ገዝቷል። ጓዳው ሙሉ ነበር። እናታችን የከሱት እህል አጥተው ሳይሆን በመሶቡ ማዶ የሚቀመጥ ሰው አጥተው ነው። በስልክ «ደኅና ነኝ» ሲሉን ውሸት አልተናገሩም፤ የጠየቅናቸው በድምፅ ነበርና የመለሱልንም በድምፅ ነው። የከሳ አካል በስልክ አይታይም። ከበዓሉ በኋላ ወደ ሐኪም ወሰድናቸው፤ ሐኪሙም ከዕድሜ በቀር ብርቱ ደዌ አላገኘባቸውም፤ «በደንብ ይብሉ፤ ብቻቸውንም አይተዉአቸው» ብሎ አሰናበተን። ለዚህ ምክር ሐኪም ማስፈለጉ ራሱ አሳፈረን።

በዚያው በከተራው ማታ መሶቡ ከግድግዳ ወረደ። እኅታችን አቧራውን አራገፈችው፥ ልጃችን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። እናታችን ራሳቸው ምጣዱን ጥደው ሊጡን ከዳር ጀምረው ወደ መካከል እያዞሩ ጋገሩ፤ አክንባሎውን ሲያነሡ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ዘጠኝ ሰው ከበብነው። እናታችን ለልጃችን ሲያጐርሱ አምባሩ እስከ ክርናቸው ወርዶ ተመለሰ፤ ሁላችንም አየነው፥ ማንም ግን ምንም አልተናገረም።

ከራት በኋላ ልጃችን ድርሰቷን አውጥታ እርሳስ ያዘች። ውሸት እንዳትጽፍ ፈርታ «ሮታንድ» የምትለውን ቃል ልትፍቅ ፈለገች። «ምን ልተካበት?» ብላ ጠየቀችን። እኛ መዝገበ ቃላታችንን ይዘን ስናመነታ እናታችን ከመደባቸው ላይ ሆነው «ምን ልታደርግ ነው?» አሉ። ነገርናቸው።

«አትፋቂው» አሉ። «እንዳለ ተይው። እኔ እደርስበታለሁ።»

ልጃችንም አልፋቀችውም። ከሥሩ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመረች፤ ወደ አማርኛ ስንመልሳት፥ አሁን በብዙ ጥንቃቄ፥ «በአገራቸው ቋንቋ ክብ ማለት ሰው ዙሪያውን ሲይዝ ነው» የምትል ናት።

ከዚያ ወዲህ ያደረግነውን በአጭሩ እንናገር። የእኅታችን የመጀመሪያ ልጅ በጎንደር ትምህርት ቤት ገብታ ከአያትዋ ጋራ ተቀምጣለች። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ የኔታና ሁለት ጎረቤቶች መሶቡን ይከባሉ፤ ይህንም ያዘጋጀነው የምንልከውን ገንዘብ ሳንጨምር ነው። እኛም በዓመት አራት ጊዜ ልንሄድ ቃል ገብተናል፤ እስካሁን አላጓደልንም። በስልክ ስንጠይቅም «እንዴት ሰነበቱ?» ብለን አናበቃም፤ «ዛሬ ከማን ጋራ በሉ?» እንላለን። ይህች ጥያቄ ከመጀመሪያይቱ የበለጠ እውነት ታወጣለች።

ስለዚህ በትልልቅ ሥራ ላይ ያላችሁ፥ ወላጆቻችሁም በሩቅ አገር ያሉ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ልጆቻችሁ ስለ አያቶቻቸው ሲጽፉ ቃሉ ትክክል መሆኑን በመዝገበ ቃላት ብቻ አትመርምሩ። ቃሉ ያነሣው ሰው ዛሬም እንደ ቃሉ መሆኑን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ፎቶግራፍም ደብዳቤም የትናንቱን ሰው ያቈያሉ፤ የዛሬው ሰው ግን በቤቱ ቆሞ ሩብ እንጀራ ይበላ ይሆናል።

ባለፈው ፋሲካ ሄደን በነበረ ጊዜ እናታችን ድፎውን ሲቈርሱ እጃቸውን አነሡ። አምባሩ ተንሸራተተ፤ ነገር ግን ክርናቸው ሳይደርስ በመንገድ ቆመ። ልጃችን አይታ እኛን በክርንዋ ጐሸም አደረገችን። እናታችንም አይተውን ኖሮ «ገና ነኝ፤ ግን መንገድ ጀምሬያለሁ» አሉ።